ጅማ ያላችሁ፣ «በአንድ ቀን ቀብተን እናስረክባለን» ከሚሉ ቀቢዎች ተጠንቀቁ

ሕርማታና መንደራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ «የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የበረንዳውን እንጨት ቀለሙን ከራሳችን ችለን በአንድ ቀን ቀብተን እናስረክባለን» የሚሉ ሰዎች ዘንድሮም ብቅ ብለዋል። የሚጠሩት ዋጋ ሌላ ቀቢ ከሚጠይቀው ግማሽ አይሞላም። አምና የአክስቴን ቤት የቀቡት እንዲሁ ብለው ነው። እሷ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

የመጡት ግንቦት ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታለች። አክስቴ «እንጨቱ ገና እርጥብ አይደለም ወይ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ችግር የለም እማማ፣ የኛ ቀለም ውሃ አያሳልፍም» አሏት። ጉዳቱ የመጣው ከዚሁ ነው። ቀለሙ ውሃ ካላሳለፈ፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ በየት ይውጣ? ፀሐይ ስትመታው እርጥበቱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። መስከረም ላይ የበረንዳውን ቋሚ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ቀለሙ ፈነዳና ውሃ ወረደ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል።

የባሰው ስቱኮው ነው። የአንዱ መስኮት የታችኛው ጣውላ መበስበስ ጀምሮ ነበር። ቆርጦ መቀየር ሲገባቸው ለቤት ውስጥ ግድግዳ የሚሆን ስቱኮ ሞልተው፣ አለስልሰው፣ ቀለም ደረቡበት። ላየው ሰው ያምራል። ግን እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስቱኮ አብሮት አይሄድም። ክረምቱ ሳይጋመስ ዙሪያውን ተሰነጠቀ፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ መውጫ አጣ። ካቻቢቴ ሳስጠጋበት ያለ ምንም ጉልበት ሰመጠ። ትንሽ ቁራጭ በመቀየር ይድን የነበረውን መስኮት ሙሉውን አስለወጠች። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ቀለም የምንቀባው ለውበት ብቻ አይደለም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፣ ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መብላት አይችልም። ጥሩ ቀለም ዝናቡን ከውጭ ያስቀራል፣ የፀሐዩንም ጉዳት ይከላከላል። ሳይቀባ የከረመ ጣውላ ግራጫ ሆኖ ሲሻክር አይታችሁ ይሆናል። ያንን ፀሐይ ነው የበላው። ያ የሞተ ፊት ሳይፋቅ የተቀባ ቀለም ከደህናው እንጨት ጋር አይገናኝም፤ ከነልባሱ ተልጦ ይወድቃል። እኛ ጋ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ስለማይለቀን እንጨቱ ዋንዛም ይሁን ባህር ዛፍ ያለ ደህና ቀለም ብዙ አይቆይም።

«በአንድ ቀን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ይሄን አስቡ። የቆየው ቀለም በእስፓቱላ መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት። ከዚያ መሠረት ቀለም፣ ከላዩ ሁለት እጅ። የዘይት ቀለም አንዱ እጅ ለመድረቅ አብዛኛውን ጊዜ ማደር ይፈልጋል። ታዲያ ይሄ ሁሉ እንዴት ነው በአንድ ቀን የሚያልቀው? የዋጋው ቅናሽ የሚመጣው ከተዘለለው ሥራ ነው።

ቀለሙ ራሱም ሌላ ጉድ ነው። አክስቴ ጋ በቢጫ ጀሪካን በጥብጠው ነው ይዘው የመጡት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ጋሎኑን እናንተው ከሱቅ ግዙ፣ ወይም እናንተ ፊት ይከፈት። እንዴት እንደሚቀጥን ጋሎኑ ላይ ተጽፏል። የጣውላውን የተቆረጠ ጫፍ፣ የበሩንም የላይና የታች ጠርዝ መቀባታቸውን በዓይናችሁ እዩ። ውሃ ከፊት ይልቅ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው በፍጥነት የሚገባው፣ የአክስቴ ቤት ግን አንዱም ጫፍ አልተነካም።

«ምስጥም አይነካውም» ይላሉ። አትመኑ። ምስጥ ከመሬት ሥር ነው የሚመጣው፣ ቀለም አያስቆመውም። ለምስጥ ብላችሁ የተቃጠለ ዘይት የቀባችሁት ቋሚ ካለ ደግሞ ከላዩ ቀለም አይዝም፤ ይሄን የማይነግራችሁ ቀቢ ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም።

የአምስት ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀትም ሰጥተዋት ነበር። አድራሻ የለውም፣ ስልኩም ዝግ ነው።

ቸኩላችሁ ካልሆነ ሥራውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አድርጉት፤ እንጨቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ የቡናም ገንዘብ እጅ የሚገባው ያኔ ነው። ክፍያውን ከፋፍሉት፣ ፍቆ ሲጨርስ የተወሰነ፣ የቀረውን የመጨረሻው እጅ ሲደርቅ።

አምና እነሱ የቀቡላችሁ ካላችሁ ዝናቡ ሳይጠና የመስኮቶቹን የታች ጣውላ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ እዩ። የሚሰምጥ ካለ ስቱኮውን አስነሱና የበሰበሰውን አናጺ ይቁረጠው። ለጊዜው ሳይቀባ ቢቆይ ይሻላል፣ ብቻ ይድረቅ።