በእንግሊዝኛ በትሕትና መጠየቅና መመለስ፦ የአንድ የማታ ኮርስ ግምገማ

በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ለሆቴል፣ ለጉዞ ወኪልና ለጥሪ ማዕከል ሠራተኞች የሚሰጠውን አጭር የማታ ኮርስ በቅርቡ ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ኮርሱ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ አንድን ነገር በትሕትና መጠየቅንና ለተጠየቁት በትሕትና መመለስን ብቻ ነው። ርእሱ መጥበቡ በእኔ እይታ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ምክንያቱም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የተማረ፣ ሰዋስዉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሠራተኛ እንኳ እንግዳውን ፓስፖርት ሲጠይቅ የሚያዝዝ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ኮርሱ ገና ከጅምሩ በሚገባ ያስረዳል። በአማርኛ አክብሮቱ ያለው ግሡ ላይ ነው፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ያለ ሰው «እባክዎ» ባይጨምርበትም አንቱታው ተሰምቶለታል። ይኸው ሰው ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን አንቱታው ይቀርና «ሳይን ሂር» የሚለው ደረቅ ትእዛዝ ብቻ ይወጣዋል። «ፕሊስ» ማከሉ ትእዛዙን ያለዝበዋል እንጂ ጥያቄ አያደርገውም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ኩድ ዩ ሳይን ሂር፣ ፕሊስ?» ብሎ፣ ቢያንስ በአነጋገር ደረጃ፣ እንቢ የማለትን ዕድል ለሰሚው ይተውለታል።

ከሁሉ የወደድኩት ስለ «ኩድ» የተሰጠው ትምህርት ነው። በትምህርት ቤት «ኩድ» የ«ካን» የኃላፊ ጊዜ ነው ተብለን አልፈነዋል፤ አሁን ለሚደረግ ነገር ለምን በኃላፊ እንደሚጠየቅ ግን የነገረን አልነበረም። መምህሩ ይህን ያስረዳው የኃላፊ ጊዜ ነገሩን ከአሁን እንደሚያርቀው ሁሉ ጥያቄውንም ከሰሚው ፊት ራቅ አድርጎ እንደሚያስቀምጠው፣ ትሕትናውም ከዚሁ ርቀት እንደሚመነጭ በማሳየት ነው። «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ» («ይችሉ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር») የሚለው ረጅም አባባልም በዚሁ መንገድ ሲፈታ እንደ ጸሎት በቃል ከሚያዝ ሐረግነት ወጥቶ ትርጉም ያለው ነገር ይሆናል።

የክፍል ልምምዱም ጥሩ ነው። አንዷ ተማሪ እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀመጠችና ሌላው «ውድ ዩ ማይንድ ቼንጂንግ ማይ ሩም?» ሲላት በፈገግታ «የስ» ብላ መለሰች፤ በዚህ አጠያየቅ ግን ጥያቄው «ቅር ይልዎታል ወይ» ስለሆነ «የስ» ማለቷ በቀጥታ ሲወሰድ እንቢታ ነው። «ኖት አት ኦል» ወይም «ኦፍ ኮርስ ኖት» («በፍጹም ቅር አይለኝም») ማለት ከአፍ እስኪለመድ ድረስ ተራ በተራ ደጋግመን ተጠያየቅን። የቃላት ቅደም ተከተል ላይም እንዲሁ ሳይሰለቹ ያርማሉ፤ «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ከተባለ በኋላ «ዌር ኢዝ ዘ ሊፍት» ሳይሆን «ዌር ዘ ሊፍት ኢዝ» እንደሚባል የማታውቅ ተማሪ ኮርሱን ስትጨርስ ያለ ጥርጥር ታውቀዋለች።

ቅሬታዬ በመልሱ ክፍል ላይ ነው። በማስታወቂያው ላይ መጠየቅና መመለስ እኩል ቢጻፉም፣ አብዛኛው ጊዜ ለመጠየቅ ውሎ መመለስ ወደ መጨረሻው ሳምንት ተገፍቷል። እሺታ ቀላል ስለሆነ «ሰርተንሊ» ለእንግዳ፣ «ሹር» ለባልደረባ ተብሎ ቢታለፍ አይከፋም። ከባዱ እንቢታ ነው፤ የሆቴል ሠራተኛም በየቀኑ የሚገጥመው እርሱ ነው። ክፍል የለም ለማለት «ኖ፣ ኢት ኢዝ ፉል» ከማለት ይልቅ በ«አይም አፍሬይድ» (እዚህ ላይ «አዝናለሁ» እንደ ማለት ነው) መጀመር፣ ምክንያቱን ባጭሩ መናገር፣ ከዚያም ሌላ አማራጭ ማቅረብ እንደሚገባ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ጽፎ አሳይቷል፤ የምንለማመድበት ጊዜ ግን አልተረፈም። ደንበኛው ሲቆጣና ጥያቄውን ሲደግመው ምን እንደሚባል ጭራሹኑ አልተነሣም።

የመማሪያ ወረቀቶቹም ጥያቄዎችን ከአጭር ወደ ረጅም ደርድረው ረጅሙ ሁልጊዜ የተሻለ ትሕትና እንደሆነ ያስመስላሉ። አጠገብህ የተቀመጠ የሥራ ባልደረባህን እስክሪብቶ ለመዋስ «ውድ ዩ ቢ ሶ ካይንድ አስ ቱ» («ደግ ሆነው ቢተባበሩኝ») ብትለው የቀለድክበት ወይም የተቀየምከው ይመስለዋል፤ ለእርሱ «ካን አይ ቦሮው» ይበቃው ነበር። ጥያቄው ሲከብድና ቅርበቱ ሲቀንስ አነጋገሩ እንደሚረዝም አንድ አንቀጽ ቢጨመር ጉድለቱ ይቃና ነበር።

ክፍያው መጠነኛ፣ የክፍሉ ተማሪ ቁጥርም ሁሉም የመናገር ዕድል እንዲያገኝ የሚያስችል ነው። በእንግዳ መቀበያና በስልክ ላይ ለሚሠሩ፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆቴሎች ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቁ ሰዎች ኮርሱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በኢሜይል ጥያቄ ማቅረብን ለመማር የሚፈልግ የቢሮ ሠራተኛ ግን ስለ ጽሑፍ አንድም ትምህርት ስለማያገኝ ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።