የእንቁላል ቅርፊት ወይስ የኖራ ድንጋይ?

ዶሮዎቼ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ሲጥሉ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካልሲየም እጥረት ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ወደ 4 ግራም ካልሲየም ትፈልጋለች፤ ያንን ለመሙላት የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ መመገብ ይቻላል።

የእንቁላል ቅርፊት ነፃ ነው፤ ከማድቤት ይገኛል። ግን ሥራ አለው። ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንዳያስተላልፍ መቀቀል ወይም ምጣድ ላይ ማመስ፣ ከዚያ መውቀጥ ያስፈልጋል። ሳይደቅ ከሰጠሃቸው የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ፤ ያንን አመል ማስተው ደግሞ አበሳ ነው! ሌላው ችግር መጠኑ ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ነው ያለው። ስለዚህ የጣሉትን ሁሉ ብትመልስላቸው እንኳ የሚደርሰው ግማሽ ያህል ነው።

የኖራ ድንጋይም እንደ ቅርፊቱ በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው የካልሲየም ውህድ ነው። ጥቅሙ እንደልብ መገኘቱና ድቀቱን መምረጥ መቻሉ ነው። ዶሮ ቅርፊቱን በአብዛኛው የምትሠራው ሌሊት፣ ቆጥ ላይ ሆና ነው። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ሻካራው ግን ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሟሟል። ስትገዛ ለመኖ የሚሆነውን ጠይቅ። የግድግዳ ኖራ የተቃጠለ ነው፤ አፋቸውን ይልጣል፣ እንዳትሳሳት።

እኔ ድንጋዩን እመርጣለሁ። በተለየ ዕቃ፣ ከሰዓት በኋላ አቀርባለሁ። ቅርፊቱንም አልጥልም፣ እጨምርበታለሁ። የተዘጋጀ የጣይ መኖ ካልሲየም ስላለው ተጨማሪውን እሱ ላይ አትደባልቅ። ለጫጩትና ለቄብ ሁለቱም ይቅር፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።