የእንጆሪ ጣዕም ያለው የልጆች የጥርስ ሳሙና፦ ስድስት ወር በድሬዳዋ ቤት

ከስድስት ወር በፊት ታናሽ ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ከዚራ ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የእንጆሪ ጣዕም ያለውና 50 ግራም የሚመዝን የልጆች የጥርስ ሳሙና ገዛሁ። የምርቱን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸውን ጉድለቶች በቀፊራና በአሸዋ ገበያ አንሥቼ ባየኋቸው ሌሎች የልጆች ሳሙናዎች ላይም አግኝቻቸዋለሁና። ለአምስት ዓመቱ ታላቅ ወንድሟ እስከዚያ ድረስ የምንጠቀመው ራሳችን የምንቦርሽበትን ነበር። እንደሚታወቀው በእኛ ዘንድ የጥርስ ሳሙና ሁሉ «ኮልጌት» ይባላል፤ ባለሱቁን «ኮልጌት ስጠኝ» ብሎ የተሰጠውን ይዞ የሚሄደው ብዙ ነው፣ ጀርባውን አገላብጦ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እኔም ካላነበቡት አንዷ ነበርኩ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ካርቶኑን ገልብጦ «እህቴ፣ ሥዕሉን ተዪውና ቁጥሩን እዪ» አለኝ። ቁጥሩ ግን አይታይም ነበር፤ የዋጋው ወረቀት ልክ በላዩ ላይ ተለጥፎበታል። በጥፍሩ ልጦ ሲያነሣው 1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1000 እጅ) ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ንጥረ ነገር፣ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ ማለት በአንድ ግራም ሳሙና ውስጥ 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ የአዋቂ ሳሙናዎች 1450 ገደማ ናቸው። ጥርስን ከመቦርቦር ለመከላከል 1000 በቂ በመሆኑ በዚህ በኩል ምርቱ የሚነቀፍበት ነገር የለውም።

የሚነቀፈው ሥዕሉ ነው። በካርቶኑም በቱቦውም ላይ፣ ከብሩሹ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ማዕበል የተዘረጋ ሮዝ ሳሙና ይታያል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚመክረው ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ግምት አልረካሁምና ቱቦውን ይዤ ወርቅ ቤት ያለው ዘመዳችን ዘንድ ሄድኩ። በወርቅ ሚዛኑ ስንመዝነው የሩዝ ፍሬ የምታህለው 0.1 ግራም ሆነች፤ እንደ ሥዕሉ ብሩሹን የሞላው ግን አንድ ግራም ደፈነ። አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ መትፋት ገና ስለማትችል አብዛኛውን ትውጠዋለች፤ በሥዕሉ መጠን በቀን ሁለቴ ብትቦርሽ ከሳሙናው ብቻ እስከ 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሊገባባት ይችላል ማለት ነው። በዚያው በአሜሪካ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ ደግሞ፣ ከምግቡም ከውኃውም ጋር ተደምሮ፣ 1.3 ሚሊግራም ነው።

የድሬዳዋ ሙቀት ነገሩን ያባብሰዋል። ከመጋቢት በኋላ ሳሙናው ቱቦው ውስጥ ስለሚላላ፣ የቱቦውም አፍ ሰፊ ስለሆነ፣ ገና ጣት ሲነካው ከሚፈለገው በላይ ይፈስሳል። መፍትሔ ያገኘሁለት በሁለት ዘዴ ነው፤ ቱቦውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ገንቦ ሥር አቆማለሁ፣ ሳሙናውንም በቁመቱ ሳይሆን ብሩሹን በወርዱ አቋርጬ እነካዋለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ክዳኑ ነው። አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ ጥላ ፈልጎ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ልጄን መታጠቢያ ቤት ከውኃው በርሜል ጎን ተቀምጣ ቱቦውን እንደ ጡት ስትጠባ አገኘኋት። ክዳኑ በአውራ ጣት ቀና ሲደረግ የሚከፈት ዓይነት ስለሆነ ያለ ማንም እርዳታ ከፍታዋለች። ከንፈሯ ሮዝ ሆኗል፣ ደስ ብሏታል፣ «ከረሜላ» ትለኛለች። ደንግጬ መድኃኒት ቤት ደወልኩ። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ ክብደቷን፣ ቀጥሎም ከቱቦው ምን ያህል እንደጎደለ ነበር። ክብደቷ 12 ኪሎ ነው፤ የጎደለውም ጠዋት ካየሁት ጋር ሳስተያየው ከ5 ግራም አይበልጥም። ወተት እንድሰጣት ነገረኝ፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋልና። ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ከበረታባት ሳልዘገይ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል እንድወስዳት አስጠነቀቀኝ። ጥቂት ሆዷን ቆረጣት እንጂ ማታ ደኅና እራቷን በላች።

ስሌቱን ሲያስረዳኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጅ ወደ ሕክምና በአስቸኳይ መወሰድ ያለባት በኪሎ ክብደቷ 5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ከዋጠች ነው። ሙሉው ቱቦ 50 ሚሊግራም ፍሎራይድ ስለሚይዝ፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅ አንድ ቱቦ ብትጨርስ በትክክል እዚያ ደረጃ ላይ ትደርሳለች። እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ከረሜላ አጣፍጦ፣ በቀላሉ በሚከፈት ክዳን ለሕፃን ማቅረብ ከባድ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፈርቼ ፍሎራይድ የሌለው የልጆች ሳሙና ገዝቼ ሁለት ወር ሞከርኩ። ቢዋጥ ያን ያህል አያሳስብም፤ ነገር ግን ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ዋናው ነገር የለበትም። ስኳር የበዛበት ሻይ ለሕፃን በሚሰጥበት፣ እንደ ሙሸበክና ሐላዋ ያለ ጣፋጭ ከደጃፍ በማይጠፋበት ከተማ ልጅን ያለ ፍሎራይድ ማሳደግ አልታየኝምና ወደ ቀድሞው ተመለስኩ።

ባለቤቴ በዚህ አልተስማማም ነበር። ወንጂ ነው ያደገው፤ በስምጥ ሸለቆው ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው የበዛ ፍሎራይድ የፊት ጥርሶቹን ቡናማ አድርጎበታል፣ ስለዚህ ቃሉን ሲሰማ ይሰጋል። ስጋቱ መሠረት አለው። ቋሚ ጥርሶች ከድድ ሥር የሚሠሩት እስከ 8 ዓመት ገደማ በመሆኑ በዚያ ጊዜ የሚዋጥ ትርፍ ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ምልክት ይተዋል። ሆኖም ከሳሙና የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ሲሆን፣ ዓመት ሙሉ ከሚጠጣ ውኃ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። እግረ መንገዴን፣ በእኛ ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር የኖራ ድንጋይ ዓይነት ጨው እንጂ ፍሎራይድ አለመሆኑን ላስረዳው ግድ ሆኖብኛል። በሩዝ ፍሬው መጠን ተስማምተናል።

አሁን ሳሙናውን የምቀባው እኔ ወይም አባቷ ብቻ ነን፤ ታላቅ ወንድሟም ቢሆን ብሩሹን እንጂ ቱቦውን አይነካም። ጭኔ ላይ ጋደም አድርጌ ጠዋትና ማታ እቦርሽላታለሁ፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ፈጽሞ አይቀርም። ወንድሟ አረፋውን ከተፋ በኋላ በብዙ ውኃ እንዳይጉመጠመጥ አድርጌአለሁ፣ ጥርሱ ላይ የቀረችው ትንሽ ፍሎራይድ እንዳትታጠብበት። በዚህ መጠን ቱቦው ብዙ ይቆያል፤ ከአዋቂው ሳሙና እጥፍ ገደማ የሆነው ዋጋው ያስደነግጥ የነበረውን ያህል አላስደነገጠኝም። አቅም የማይፈቅድለት ወላጅ የአዋቂውን ሳሙና በዚያው በሩዝ ፍሬ መጠን ቢጠቀም ልጁን አልጎዳም።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ቱቦ ከዚያው መድኃኒት ቤት ገዛሁ። የዋጋው ወረቀት አሁንም ቁጥሩ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ባለሙያው ልጦ አሳየኝና ወረቀቱን ሮዝ ማዕበሉ ላይ መልሶ ለጠፈው።