የትሪፎን ሳንቲም ቅጂ፦ ፊቱ ደከም ያለ፣ ጀርባው የሚገርም

የጥንቱን የሶርያ ንጉሥ የዲዮዶቱስ ትሪፎንን ባለ አራት ድራክማ (የጥንት ግሪክ ገንዘብ) ሳንቲም ቅጂ ኦንላይን አዝዤ ደረሰኝ። ፊቱ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። የንጉሡ ጸጉር ተድበስብሷል፤ ራሱ ላይ የታሰረው የንግሥና ጥብጣብም በቅጡ አይለይም።

ጀርባው ግን ሌላ ነው! የመቄዶንያ ወታደር የራስ ቁር፣ ከፊቱ ደግሞ ትልቅ የዱር ፍየል ቀንድ። የቀንዱ ጎርበጥባጣ ሳይቀር በጣት ይዳሰሳል። ሌሎቹ የሴሌውቂድ (ከታላቁ እስክንድር በኋላ ሶርያንና አካባቢዋን የገዛው ሥርወ መንግሥት) ነገሥታት እዚህ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የግሪክ አማልክቱን አፖሎን ወይም ዜውስን ነበር የሚያስቀርጹት።

አብሮት የመጣው ወረቀት «የሴሌውቂድ ልዑል» ይለዋል። ኧረ በጭራሽ! ሰውዬው የጦር አዛዥ ነበር። መጀመሪያ የቀድሞውን ንጉሥ የአሌክሳንደር ባላስን ትንሽ ልጅ አንግሦ፣ በልጁ ስም ከተቀናቃኙ ንጉሥ ከዳግማዊ ዴሜጥሮስ ጋር ሲዋጋ ቆየና፣ ልጁ ሲሞት (የጥንት ጸሐፊዎች ራሱ ነው ያስገደለው ይላሉ) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ142 ገደማ ዘውዱን ደፋ። የቆየውን የሴሌውቂድ ዘመን አቆጣጠር ትቶም ዓመቱን ከራሱ ንግሥና መቁጠር ጀመረ። ድፍረት ነው! በ138 ግን የዴሜጥሮስ ወንድም ሰባተኛው አንጥዮኮስ ዶራ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ከበበው፤ ከዚያ ቢያመልጥም ብዙም አልቆየ።

ክብደቱስ? ዋናው ወደ 17 ግራም ይመዝናል፤ ይሄኛው እጅ ላይ ቀለል ይላል። ጠርዙ ላይ «ቅጂ» የሚል ምልክት መኖሩን ወድጄዋለሁ፣ ማንም እንደ እውነተኛ አድርጎ አይሸጠውም። ለጀርባው ሲባል ግዙት፤ ወረቀቱን ግን ጣሉት።