የሃሚንግበርድ መመገቢያ ልትገዙ ነው? ጠርሙሱና ሳህኑ ሲወዳደሩ

ሃሚንግበርድ የአበባ ወለላ የምትመጥ የአሜሪካ አህጉር ትንሽ ወፍ ናት፤ መመገቢያዋም የስኳር ውሃ ተሞልቶ የሚሰቀል ዕቃ ነው። ስትመርጡት መልኩን ለጊዜው ተዉትና ፈታታችሁ እዩት። ብሩሽ የማይገባበት ጥግ ካለው መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት። የስኳር ውሃ በሙቀት ቶሎ ይቦካል፣ ይሻግታል፤ ወፏን የሚያሳምማትም ይኸው ነው። እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለማጠብ የቱ ይቀላል?

በብዛት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የተደፋ ጠርሙስ ነው። ፈሳሹ ከላይ ይቀመጣል፣ ወፏ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ትጠጣለች። ሌላው ክዳን ያለው ዝርግ ሳህን ነው። ቀዳዳዎቹ ክዳኑ ላይ ናቸው፣ ፈሳሹ ደግሞ ከሥራቸው።

ጠርሙሱ ብዙ ይይዛል። በፍልሰት ወቅት ወፎቹ ሲጎርፉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣጣው መንጠባጠቡ ላይ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ይለጠጣል፤ ፈሳሹን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣዋል። ጠርሙሱ ሲጎድል አየሩ ስለሚበዛ ይብስበታል። ከዚያ ጉንዳኑም ተርቡም ይሰበሰባል። ጥላ ካላችሁ እሺ፣ ከሌላችሁ ግን እለፉት።

ሳህኑ እንዲህ አያስቸግርም። ፈሳሹ ከቀዳዳው ዝቅ ስለሚል የወፏ ረጅም ምላስ ይደርስበታል፣ ንብ ግን አትደርስበትም። ለማጠብ ክዳኑን ማንሳት ነው፣ አለቀ። ነፋስ ሲያወዛውዘው ግን ይፈሳል። ትንሽ ነው የሚይዘው የሚሉም አሉ፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ የምትታወቀው ሩቢ ትሮትድ ሃሚንግበርድ 3 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ሁለት ሦስት ወፍ ለሚመጣበት ጓሮ አንድ ሊትር ሙሉ ምን ይሠራል? አብዛኛው ተበላሽቶ ይደፋል። ለጀማሪ ሳህኑን እመርጣለሁ።

መስታወት ወይስ ፕላስቲክ የሚለው ብዙ አያከራክርም። መስታወት አይደበዝዝም፣ ሙቅ ውሃም ይችላል፤ ከወደቀ ግን አለቀለት። ፕላስቲክ ዋጋው ይረክሳል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ይልቅ ቀለሙን ልብ በሉ። ቀይ ነገር ይኑረው፤ ቀዳዳው ዙሪያ ቢጫ አበባ ያለበትን ግን ተዉት፤ ቢጫ ንብና ተርብ ይጠራል። ለጉንዳን ከመስቀያው ላይ ውሃ የሚሞላበት ትንሽ ኩባያ ያለውን ምረጡ። ዘይት ወይም ቫዝሊን እንዳትቀቡ፤ ላባዋ ላይ ከተጣበቀ ወፏ ልታስለቅቀው አትችልም።

ለመመገቢያው ተብሎ የሚሸጠው የታሸገ ቀይ ፈሳሽስ? ገንዘባችሁን አታባክኑ። ቀዩ ማቅለሚያ ለወፏ ምንም አይጠቅማትም። 1 ኩባያ ተራ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ አሟሙታችሁ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ማር አይሆንም፣ ሻጋታ ይጠራል። ቡናማ ስኳርም ሆነ ስኳርን የሚተኩ ማጣፈጫዎች አይሆኑም። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። የተሰቀለውን በሙቀት ወቅት በየሁለት ቀኑ፣ ሲቀዘቅዝ በየአራት አምስት ቀኑ አጥባችሁ ቀይሩ።

አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ መግዛት ይሻላል። አንድ ወንድ መመገቢያውን የግሉ አድርጎ ሌላውን ሁሉ ሲያባርር ይውላል። ሁለቱን በማይተያዩበት ቦታ፣ ለምሳሌ አንዱን ከቤቱ ፊት፣ ሌላውን ከጀርባ ብትሰቅሏቸው ሁለቱንም መጠበቅ ያቅተዋል።

ቦታ ካላችሁ ደግሞ መመገቢያ ብቻ ሳይሆን አበባም ግዙ። አበባ እጥበት የለውም። ወፏም በስኳር ብቻ አትኖርም፤ ፕሮቲኗን ከጥቃቅን ነፍሳትና ከሸረሪት ነው የምታገኘው፤ እነሱ ደግሞ ተክል ባለበት ይበዛሉ። ስለዚህ ፀረ ተባይ አትርጩ። እርጥብ መሬት ካላችሁ ካርዲናል ፍላወር የሚባለው ቀይ አበባ ይስማማዋል። ለአጥር ትራምፔት ቫይን ወይም ኮራል ሃኒሰክል የሚባሉ ሐረጎች አሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ትራምፔት ቫይን ከሥሩ እያቆጠቆጠ ግቢውን ይወርሳል። ችግኙን ስትገዙ ግን ስሙን አጣሩ፤ ሃኒሰክል ተብሎ የሚሸጠው የጃፓኑ ዝርያ ከሆነ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ወራሪ ተክል ነው።