ሀዋሳ ላይ ያገለገለ ኤጅ ጆይስቲክ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡኝ

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ያገለገለ ዱዋልሴንስ ኤጅ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱ። ዛሬ ከአንዱ ሱቅ ተሰድቤ ነው የወጣሁት። ንዴቴ ገና አልበረደም።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ከፊት ስልክና ቻርጀር፣ ከኋላ መስታወት ውስጥ ፕሌይስቴሽን፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ዋጋ ስትጠይቁ «አንተ ስንት አሰብክ?» ይላችኋል። ዕቃው ሁሌም ከአሜሪካ የመጣ ነው። የተጠቀመበትም ሁሌም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም «ብዙ አልነካውም»።

ኤጅን ለማታውቁት፣ ሶኒ በ2023 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ያወጣው ውዱ የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ነው። ሲወጣ ዋጋው 199.99 ዶላር ነበር። ከኋላ ሁለት ተጨማሪ በተኖች አሉት። በአውራ ጣት የሚገፉት ስቲኮቹ ሲያረጁ ተነቅለው በአዲስ ይተካሉ። ከሁለቱ ስቲኮች ሥር ደግሞ ኤፍኤን የሚባሉ ትንንሽ በተኖች አሉ። ኤፍኤንን ይዛችሁ ከአራቱ በተኖች አንዱን ስትጫኑ ጆይስቲኩ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮፋይል፣ ማለትም የሴቲንጉ ስብስብ፣ ይቀየራል። ትሪያንግል (ባለ ሦስት ማዕዘኗ በተን) ላይ ያለው የፋብሪካው ነው፣ ማንም ሊቀይረው አይችልም። የቀሩትን ግን ባለቤቱ እንደፈለገ ያስተካክላቸዋል። ይቺን ያዙልኝ፣ ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለእኔ ይሄ ዕቃ ትልቅ ነገር ነበር። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ መጫወት ነው መዝናኛዬ። ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ያጠራቀምኩትን 24 ሺህ ብር ነው ያወጣሁበት።

ሱቅ ውስጥ እንድሞክረው ሻጩ ቲቪው ላይ አገናኘልኝ። ከመስጠቱ በፊት በቲሸርቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ በአውራ ጣቶቹ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ «ሞክረው ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ሀዋሳ ላይ አታገኝም» አለኝ። ተጫወትኩ። ምንም እንከን የለውም። «ባትሪውም ከተራው የበለጠ ይቆያል» ብሎ ጨመረልኝ። ይሄም ውሸት ነው። የኤጅ ባትሪ 1,050 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ የተራው የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ 1,560 ነው። በቴሌብር ላኩለት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ዛሬ ኔትወርክ የለውም፣ ነገ ና» አለ።

ቤት ገብቼ ፕሮፋይሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ኤፍኤንና ትሪያንግል ስጫን ተከላካዬ ብቻውን ወደ ግራ መሮጥ ጀመረ። ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት፣ ማንም አልነካውም። ተጫዋቹ አሁንም ወደ መስመሩ እየሄደ ነው። ድሪፍት ነው፣ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ስቲኩ ሥር ያለው ንባብ የሚወስደው ክፍል እየተፋተገ ሲያልቅ ሳትነኩት የነካችሁት ይመስለዋል። ኤጅም ቢሆን ውድ ስለሆነ አይድንም፣ ውስጡ ያለው ስቲክ ሳይፋተግ በማግኔት የሚሠራው ዓይነት አይደለም።

ይዤው ተመለስኩ። ትንሹ ወንድሜም አብሮኝ ነበር። ሻጩ ቲቪው ላይ አገናኘው፣ ተጫዋቹ ብቻውን ሲሄድ በዓይኑ አየ። ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ ጆይስቲኩ እንኳ አልመለሰም። ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ የግራ አውራ ጣቱ ከስቲኩ ሥር ወረደች፣ የቀኙ ክቧን በተን ተጫነች። ተጫዋቹ ቆመ።

«ይኸው። ምን ሆነ?» አለኝ።

እዚያች ጋ ነው ሁሉም ነገር ፍንትው ያለልኝ። ጣቱ የት እንደምትሄድ ታውቃለች። የገዛሁ ዕለት «ሲጠርገው» የተጫነውም እነዚህኑ በተኖች ነው። ሴቲንግ ክፈትልኝ አልኩት። «ሥራ አለብን» አለ። ተቀብዬ ራሴ ከፈትኩት። ክቧ ላይ ያለው ፕሮፋይል የግራ ስቲኩ ዴድ ዞን ተገፍቶ ተገፍቶ ሩቅ ደርሷል። ይህ ማለት ስቲኩ በጣም እስካልተገፋ ድረስ ጆይስቲኩ እንቅስቃሴውን አይቆጥረውም። ድሪፍቱ እዚያው አለ፣ ተሸፍኖ ነው። አብሮት ደግሞ ትንንሽ እንቅስቃሴ ሁሉ ይሞታል። በቀስታ ኳስ መግፋት፣ በጠባብ ቦታ መዞር አይቻልም። ሰው ይህን ያህል ብር የሚያወጣው ለዚያች ትንሽ እንቅስቃሴ ነው እኮ!

ሳሳየው አላፈረም። «ታዲያ ሠራልህ አይደል? እንደዛ ተጫወት» አለኝ። ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ፋራ ነው ተወው፣ ተራውን ይግዛ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ወንድሜ እጅጌዬን ጎትቶ «ና እንሂድ በቃ» ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን ይስደቡኝ። ታላቅ ወንድሙን በገንዘቡ ሲያዋርዱት ያ ልጅ ቆሞ ማየት አልነበረበትም። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ያ ሻጭ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደረሰኝ አለህ?»

ደረሰኝ የከለከለኝ እሱ ራሱ!

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሶኒ የዚህን ጆይስቲክ ስቲክ ለብቻው ይሸጣል። ሲወጣ ዋጋው 19.99 ዶላር ነበር። «ግራው ድሪፍት አለው፣ ስለዚህ ቀንሼልሃለሁ» ቢለኝ እገዛው ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈልጌ አስመጥቼ እቀይረው ነበር። አሁንም የማደርገው ያንኑ ነው፣ ግን የደህና ዕቃ ዋጋ ከፍዬ። ያረጀ ዕቃ መሸጥ ነውር የለውም። እነዚህ ግን ዴድ ዞን ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ፣ እውቀታቸውን ሰው ለማታለል ተጠቀሙበት።

ኤጅ ስትገዙ ኤፍኤንን ይዛችሁ ትሪያንግልን ተጫኑ። ከዚያ ጨዋታ ውስጥ ገብታችሁ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። የኔ ግራው ነበር፣ እናንተ ቀኙንም እዩ። «ማሽኑ ኔትወርክ የለውም» ካሏችሁ ማሽኑ እስኪሠራ ብራችሁ ቴሌብራችሁ ላይ ይቆይ። ስንወጣ መስታወቱ ውስጥ ሌላ ነጭ ኤጅ ተቀምጦ አይቻለሁ፣ የእሱንም «ባለቤት ብዙ አልነካውም» ይሏችኋል።