የብረት ፍሬን ወይስ የካርቦን? ያገለገለ 737-800 ለሚገዛ ወይም ለሚከራይ

ያገለገለ ቦይንግ 737-800 ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚደራደር ሰው አብዛኛውን ጊዜውን ለሞተሩ ይሰጣል፤ ደግም ያደርጋል። ፍሬኑ ላይ ሲደርስ ግን «የብረት ነው የካርቦን? ዋጋውስ?» ብሎ ያልፋል። ይህ አይበቃም። የፍሬኑ ዓይነት አብራሪዎቹ ሲያርፉ ሪቨርሰሩን (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ አውሮፕላኑን የሚያቀዘቅዘውን) ምን ያህል መክፈት እንዳለባቸው፣ ምድር ላይ ሲነዱም ፍሬኑን እንዴት መርገጥ እንዳለባቸው ይወስናል። አሠራሩን ሳይቀይር ካርቦን የገዛ ድርጅት ገንዘቡን ውሃ በላው።

አበላላቸው

በ737 ዋና እግሮች ላይ አራት ፍሬኖች አሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከመንኮራኩሩ ጋር የሚዞሩና የማይዞሩ ዲስኮች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ አንዱ በሌላው ላይ ይጫናል። የብረት ዲስክ የሚበላው በዋጠው ኃይል ልክ ነው። ከባድ አውሮፕላን በፍጥነት አርፎ ሥራውን ሁሉ ለፍሬኑ ከተወ ብዙ ይበላል፤ ቀለል ቀለል እያደረጉ ቢረግጡት ይቆያል።

ካርቦን በተቃራኒው ነው። የሚበላው በተረገጠበት ጊዜ ብዛት ነው። አንዴ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ደጋግሞ ነካ ነካ ከማድረግ ያነሰ ይጎዳዋል። ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የካርቦንን ዕድሜ በዋነኛነት የሚያሳጥረው ማረፉ ሳይሆን ምድር ላይ የሚደረገው ጉዞ ነው። ብረት የለመደ አብራሪ ካርቦን ላይ ወጥቶ እስከ ማቆሚያው ድረስ ፔዳሉን ነካ ለቀቅ እያደረገ ከነዳ ፍሬኑን ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል። ትክክለኛው አነዳድ ፍጥነቱን እስከ 30 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ማሳደግ፣ ከዚያ አንዴ በደንብ ረግጦ ወደ 10 ኖት ማውረድና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው።

ክብደቱን በተመለከተ ክርክር የለም። ቦይንግ እንደሚለው በ737-800 ላይ ካርቦን ከባለ ከፍተኛ አቅሙ የብረት ፍሬን 320 ኪሎ ገደማ ይቀላል። በተለምዶው ስሌት ትርፍ ክብደት ለመሸከም በየሰዓቱ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቃጠላል፤ ይህም በሰዓት 10 ኪሎ ገደማ ነው። በዓመት 3,000 ሰዓት ለሚበር አውሮፕላን 29 ቶን አካባቢ ይደርሳል። ካርቦን በአግባቡ ከተያዘ ደግሞ ከአንዱ እድሳት እስከ ሌላው ድረስ የብረትን እጥፍ ያህል ማረፍ ይችላል። የብረት ጥቅሙ የመነሻ ዋጋው ነው፤ ለመግዛትም ለማደስም ይረክሳል።

ሪቨርሰር፦ አብራሪዎቹ የሚከራከሩበት

ሙሉ ሪቨርስ ይከፈት ወይስ አይድል (ሪቨርሰሩ ተከፍቶ ሞተሩ በዝቅተኛ ጉልበት ሲሠራ) ይበቃል? ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው አውሮፕላን ላይ ልክ ናቸው።

አውቶብሬክ (ፍሬኑን በራሱ የሚረግጠው መሣሪያ) የሚሠራው አብራሪው የመረጠውን የፍጥነት አቀናነስ በመጠበቅ ነው። ደረቅ ማኮብኮቢያ ላይ 2 ቁጥር ተመርጦ ሙሉ ሪቨርስ ቢከፈት አውሮፕላኑ ቶሎ አይቆምም፤ ሞተሩ የሚሠራውን ያህል አውቶብሬኩ ከፍሬኑ ላይ ይቀንሳል እንጂ። ብረት ላይ ይህ ቀጥተኛ ትርፍ ነው፤ ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል ሲያንስ የሚበላውም ያንሳል። ካርቦን ላይ ግን ፍሬኑ ሪቨርሱ ኖረም አልኖረም ተረግጧል፤ የአረጋገጡ ቁጥር ያው አንድ ነው። ታዲያ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ሞተሩን አሙቆ፣ የኤርፖርቱን ጎረቤት በጩኸት ቀስቅሶ ለፍሬኑ የሚተርፍለት እምብዛም ነው። ካርቦን ያላቸው አየር መንገዶች በደረቅና ረጅም ማኮብኮቢያ ላይ አይድል ሪቨርስን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ግን ሙቀት አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ ይበልጥ ይፈጥናል። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን ጎማው መሬት ሲነካ ያለው ፍጥነት በባሕር ጠለል በመደበኛ አየር ከሚኖረው በ16 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ኃይል በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ደግሞ መጥፋት ያለበት ኃይል ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ካርቦን ራሱ ይህን ሙቀት ይችለዋል። ጎማው፣ ሙቀት ሲበዛ ቀልጠው አየር የሚያስወጡት የመንኮራኩሩ ቡሾች፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱ ግን አይችሉትም። በኤርባስ ኤ320 ላይ የፍሬን ሙቀት ከ300 ዲግሪ በላይ ከሆነ መነሳት የሚዘገየው ለዚህ ነው። ቀጣዩ በረራ ሲነሳ ድንገት መቆም ቢያስፈልግ ፍሬኑ ያን ሁሉ ኃይል የሚውጥበት ቦታ ሊተርፈው ይገባል። ከፍታ ላይ ለሚሠራና መንገደኛ አራግፎ ቶሎ ለሚነሳ ድርጅት፣ ፍሬኑ ካርቦንም ቢሆን ሪቨርሱን ከአይድል ከፍ ማድረግ በሰዓት አክባሪነት ዋጋውን ይመልሳል።

ዝናብ ሲመጣ ንጽጽሩ ያበቃል

ደረቅ ላይ የሚያስፈልገው የማረፊያ ርዝመት ለምስክር ወረቀት ሲሰላ ሪቨርስ አይቆጠርም፤ ትርፍ ነው። ውሃ ወይም በረዶ ባለበት ግን የሚወስነው ጎማው መሬቱን መያዙ ነው፤ ጎማው ካልያዘ ብረትም ካርቦንም እኩል ናቸው። ሪቨርሰር የጎማ መያዝን አይጠብቅም። ጉልበቱ ያለውም በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ስለሆነ መሬት እንደተነካ ወዲያው መከፈት አለበት፤ 737 ላይ ከ60 ኖት ጀምሮ ወደ አይድል ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 የአውስትራሊያው አየር መንገድ የቃንታስ 747-400 ባንኮክ ላይ በከባድ ዝናብ አርፎ ማኮብኮቢያውን 220 ሜትር ገደማ አልፎ ቆመ። ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ፍላፕ 25 (የክንፉን መከለያ ከሙሉው ባነሰ መዘርጋት) እና አይድል ሪቨርስን መደበኛ አሠራር አድርጎ ነበር። ካፒቴኑ ተመልሶ ለመነሳት ወስኖ ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ፤ በግርግሩ መሐል ሪቨርስ ጨርሶ ሳይከፈት ቀረ። የአውስትራሊያ መርማሪዎች አሠራሩ ሲገባ አደጋው በአግባቡ እንዳልተመዘነ፣ አብራሪዎችም ውሃ ለተኛበት ማኮብኮቢያ በቂ ሥልጠና እንዳልነበራቸው ጻፉ። የሞተ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 ቺካጎ ሚድዌይ ላይ ግን አንድ የ6 ዓመት ልጅ ሞተ። የአሜሪካው አየር መንገድ የሳውዝዌስት 737-700 በበረዶ አርፎ ሪቨርሰሩ የተከፈተው ከ18 ሰከንድ በኋላ ነበር። አብራሪዎቹ አውቶብሬክን በሥራ ላይ ሲጠቀሙ የመጀመሪያቸው ስለነበር ሐሳባቸው እሱ ላይ ቀረ። አውሮፕላኑ አጥሩን ጥሶ መንገድ ላይ ወጣና መኪና መታ። ይህን የማነሳው የፍሬን አሠራርን በወረቀት ቀይሮ አብራሪን ሳያለማምዱ መላክ የሰው ነፍስ ስለሚያስከፍል ነው። አይድል ሪቨርስ የምትፈቅዱ ከሆነ «ማኮብኮቢያው እርጥብ ከሆነ፣ አጭር ከሆነ ወይም ጥርጣሬ ካለ ሙሉ» የሚለው በዚያው አንቀጽ ይጻፍ፤ ሲሙሌተር ላይም ይደጋገም።

ማን የቱን ይውሰድ

በቀን ብዙ አጫጭር በረራ ያለውና አውሮፕላኑን ለረጅም ዓመታት የሚይዝ ካርቦን ይውሰድ። ኪራዩ ሊያልቅ አንድ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ፍሬኑም ገና ያልተበላ ከሆነ ብረቱን ይዞ ሪቨርሱን በደንብ ይጠቀም። ግማሹን ብረት ግማሹን ካርቦን ማድረግን አልመክርም። አንዱ አብራሪ ጠዋት በብረት ማታ በካርቦን ከነዳ እግሩ የትኛውንም አይለምድም። ገንዘቡ ለሁሉም እስኪበቃ መጠበቅ ይሻላል።

አውሮፕላኑን ስታዩት መካኒኩ የማቆሚያ ፍሬኑ ተይዞ ሳለ የአውሮፕላኑ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ በባትሪ የሚያየውን ትንሽ ፒን እናንተም እዩት። ፒኑ ከቤቱ የወጣው ርዝመት የቀረው ዕድሜ ነው፤ ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆነ ፍሬኑ ይወርዳል። ካርቦን ላይ ግን ፒኑ የማያሳየው ነገር አለ። በቀዝቃዛ አገሮች ማኮብኮቢያ ላይ የሚረጨው ፖታሲየም ያለበት በረዶ ማቅለጫ ካርቦኑን ከጠርዙ ጀምሮ ያፈራርሰዋል። አውሮፕላኑ ክረምቱን የት ሲበር እንደከረመ ጠይቁ፤ ዲስኩ ወርዶ ይታይ። ብረት ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ገና ትኩስ እያለ የማቆሚያ ፍሬን ይያዝበት እንደነበር ጠይቁ፤ ዲስኮቹ ሊጣበቁ ይችላሉ።

የፍሬን አቅርቦት ውሉንም አንብቡት። አምራቹ በየማረፉ ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ የመበላቱ ኪሳራ የእሱ ነው፤ ሪቨርስ ከፍታችሁ ያተረፋችሁት ፍሬን ኪሳችሁ አይገባም፣ ያቃጠላችሁት ነዳጅ ግን ከኪሳችሁ ይወጣል። በየእድሳቱ የምትከፍሉ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። የኪራይ ውል ከሆነ አውሮፕላኑ ሲመለስ ፒኑ ስንት ሚሊሜትር እንዲቀር እንደሚጠየቅ ሳይጻፍ አትፈርሙ።